የደራሲ ወኪልና ጀማሪው ልብ ወለድ ጸሐፊ

በ1886 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በኦክቶበር ወር መጨረሻ፣ በእንግሊዝ አገር ደቡባዊ ጠረፍ በፖርትስመዝ ከተማ በሐኪምነት ይተዳደር ለነበረ አንድ የ27 ዓመት ወጣት ከለንደን ደብዳቤ ደረሰው። የወጣቱ ስም አርተር ኮናን ዶይል ነው። በዚያ ዓመት አንድ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ጽፎ ለልዩ ልዩ አሳታሚዎች ልኮ ነበር። አንዱ ሳያነበው መለሰለት፤ ሌሎቹም አልፈለጉትም። አሁን የደረሰው ደብዳቤ ግን የስምምነት ነበር። ዋርድ ሎክ የተባለው አሳታሚ ድርጅት፣ ገበያው በርካሽ ልብ ወለዶች የተጥለቀለቀ ስለ ሆነ መጽሐፉን በዚያ ዓመት ለማውጣት እንደማይችል፣ ደራሲው እስከሚመጣው ዓመት ድረስ ለመጠበቅ ፈቃደኛ ከሆነ ግን የድርሰቱን መብት ጠቅልሎ በ25 ፓውንድ እንደሚገዛው ገለጠለት። ዶይል ከሽያጩ ድርሻ እንዲታሰብለት ጠየቀ፤ አልተፈቀደለትም። ምርጫ አልነበረውምና ተቀበለ። ሸርሎክ ሆምስ የተባለው መርማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም የታየው በዚሁ በ1887 በታተመው ድርሰት ነው። ደራሲውም ከዚያ 25 ፓውንድ በላይ ከመጽሐፉ አንዲት ሳንቲም እንዳላገኘ በስተኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ገልጧል።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1891፣ የዚሁ መርማሪ አጫጭር ታሪኮች ለስትራንድ መጽሔት ሲቀርቡ ያቀረባቸው ደራሲው ራሱ አልነበረም። በመካከል ዋት የተባለ አንድ ስኮትላንዳዊ ቆሞ ነበር። ጥቂት ቆይቶም የአንዱ ታሪክ ዋጋ ርዝመቱ ምንም ያህል ይሁን ምን 50 ፓውንድ ሆነ፤ ቀጥሎም ለአሥራ ሁለት ታሪኮች 1,000 ፓውንድ ተጠየቀ፤ ተከፈለም። ይህ ልዩነት ሁሉ በወኪል ምክንያት የመጣ ነው ማለት አይቻልም። በመካከሉ የዶይል ስም ገንኗል፤ አንባቢውም ተሰልፏል። ይሁን እንጂ በሁለቱ ውሎች መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሙያ ልደት ታሪክ ነው። ይኸውም በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ዛሬ አንድ ጀማሪ ልብ ወለድ ጸሐፊ ወደ አሳታሚ ከመድረሱ በፊት ደጁን የሚጠናው የደራሲ ወኪል ሙያ ነው።

ሙያው የተፈጠረበትን ምክንያት ለመረዳት የዚያን ዘመን የመጽሐፍ ገበያ ማየት ያስፈልጋል። እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ የእንግሊዝ ደራሲ የሚሸጠው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም መጽሐፉ ነው። ልብ ወለዱ በሦስት ቅጽ ይታተማል፤ ዋጋው ለተራ ሰው የማይቀመስ ስለ ሆነ አብዛኛውን ቅጂ የሚገዙት መጻሕፍት እያከራዩ የሚተዳደሩ ድርጅቶች ናቸው። ደራሲው ወይ መብቱን ጠቅልሎ ይሸጣል፣ አለዚያም «ግማሽ ትርፍ» በሚባለው ውል ይስማማል። በዚህ ውል መሠረት አሳታሚው በመጀመሪያ ወጪውን ያነሣል፤ ከዚያ የተረፈው ለሁለት ይካፈላል። የወጪውን ሒሳብ የሚይዘው አሳታሚው ብቻ በመሆኑ ግን ብዙ ጊዜ የሚተርፍ ነገር አይገኝም ነበር።

ከ1870ዎቹ ወዲህ ሁኔታው ተለወጠ። ማንበብ የሚችለው ሕዝብ በዛ። በየከተማው የሚታተሙ ጋዜጦች ልብ ወለድን በተከታታይ ማውጣት ጀመሩ፤ በቦልተን ከተማ የሚገኘው የቲሎትሰን ድርጅት አንዱን ልብ ወለድ ገዝቶ ለብዙ የክፍለ ሀገር ጋዜጦች በአንድ ጊዜ ያከፋፍል ነበር። በላይፕሲክ የነበረው የታውክኒትስ አሳታሚ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን ለአውሮፓ ተጓዦች ያትማል። ለቅኝ ግዛቶች ርካሽ ዕትም ተለይቶ ይወጣል። በ1891 ደግሞ አሜሪካ የውጭ አገር ደራስያንን መብት የሚያውቅ ሕግ ስታወጣ፣ ከዚያ በፊት ያለ ዋጋ ይዘረፍ የነበረው ገበያ ለእንግሊዝ ደራሲ ተከፈተ። ስለዚህም አንድ ድርሰት በአምስትና በስድስት ቦታ የሚሸጥ ንብረት ሆነ። ቀን ከሌት ብዕሩን ይዞ የሚውል ሰው ይህን ሁሉ ውል በየጊዜው ሊከታተል አይችልም። አሳታሚው ግን ይከታተል ነበር፤ ሥራው ነውና።

በ1884 ዎልተር ቤሳንት የተባለው ልብ ወለድ ጸሐፊ የደራስያን ማኅበር ያቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው። ማኅበሩ ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ አሳታሚዎችን ይበልጥ ያስቆጣው ጩኸት ወይም አቤቱታ አልነበረም፤ በ1889 የወረቀትን፣ የፊደል ለቀማን፣ የኅትመትንና የጥረዛን ዋጋ በዝርዝር አስልቶ ማውጣቱ ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ መጽሐፍ ለማሳተም ስንት እንደሚፈጅ የሚያውቀው አሳታሚው ብቻ ነበር። ያ ቁጥር በአደባባይ ከወጣ በኋላ ግን «ግማሽ ትርፍ» የሚባለው ውል እንደ ቀድሞው በዓይን አፋርነት የሚፈረም ሊሆን አልቻለም። የሙያ ማኅበር ለአባላቱ ሊያደርግ ከሚችለው ነገር ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ሥራ ማግኘት ያዳግታል።

አሌክሳንደር ፖሎክ ዋት በበኩሉ ወደ ሥራው የገባው በአጋጣሚ ነው። ከአማቹ ጋር በአሳታሚነት ሥራ ላይ ቆይቶ ነበርና የገበያውን ውስጥ ዐዋቂ ሆኗል። በ1870ዎቹ አጋማሽ ጆርጅ ማክዶናልድ የተባለው ደራሲ ወዳጁ አንዳንድ ታሪኮቹን እንዲሸጥለት ለመነው፤ ሸጠለትም። ወዳጅነቱ ወደ ሥራ ተለወጠና ዋት ከሚያገኝለት ገንዘብ ከመቶ 10 ለራሱ ማስቀረት ጀመረ። ይህ ከመቶ 10 የሚባለው ልክ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወደ መቶ ዓመት ያህል ሳይናወጥ መኖሩ የሚያስገርም ነው። ዋት መጀመሪያ ላይ አልፎ አልፎ ለአሳታሚዎችም መብት ይገዛ ስለ ነበር በሁለት ጌታ መካከል የቆመበት ወቅት አልጠፋም። ሙያው ግን እየጠራ ሲሄድ ወኪል ማለት ለደራሲው ብቻ የሚቆም ሰው እንደ ሆነ ተለየ። ዊልኪ ኮሊንስ፣ ቤሳንት ራሱ፣ ራይደር ሃጋርድና ኪፕሊንግ ደንበኞቹ ሆኑ።

አሳታሚዎች ይህን በደስታ አልተቀበሉትም። በተለይ በ1890 የራሱን ድርጅት ያቋቋመው ዊልያም ሔይንማን በጋዜጣ ላይ ብዕሩን አንሥቶ ወኪሉን በሌላው ደም የሚኖር ተባይ አድርጎ ሣለው። የክርክሩ ፍሬ ነገር፣ በደራሲና በአሳታሚ መካከል የነበረውን የመተማመን ዝምድና ደላላ ገብቶ አበላሸው የሚል ነበር። በእኛም አገር «ደላላ» የሚለው ቃል የሚያስከትለውን ጥርጣሬ ለሚያውቅ ሰው አባባሉ እንግዳ አይሆንበትም። ይሁን እንጂ ያ የተባለው ዝምድና ዶይልን ለ25 ፓውንድ ያስፈረመው ዝምድና መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የሔይንማን ስም በስተኋላ፣ ፈጽሞ በሌላ መንገድ፣ ወደዚህ ታሪክ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ዋት የሠራው ለታወቁ ደራስያን ነው። ድርጅቱን ለማስተዋወቅ ያሳተመው መጽሐፍም ገናና ደንበኞቹ የጻፉለትን የምስጋና ደብዳቤዎች የያዘ ነበር። ከመቶ 10 የሚታሰበው ከአንድ ነገር ላይ ነውና፣ ገና ምንም ካልሸጠ ሰው ላይ የሚታሰብ ከመቶ 10 ባዶ ነው። ስለዚህ ወኪሉ ሲፈጠር ለጀማሪው አልተፈጠረም። ጀማሪው በሌላ በር መግባት ነበረበት።

ያ በር ምን ይመስል እንደ ነበር የጆዜፍ ኮንራድ ታሪክ ያሳያል። ኮንራድ በትውልዱ ፖላንዳዊ፣ በሥራው መርከበኛ፣ እንግሊዝኛን ከጎለመሰ በኋላ የተማረ ሰው ነው። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በ1889 ለንደን ውስጥ ጀመረ። ረቂቁን ይዞ ወደ ኮንጎ ወረደ፤ ከዚያም ታሞ ተመለሰ። በበርሊን የባቡር ጣቢያ ሊጠፋበት ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቶረንስ በተባለችው መርከብ ላይ የመጀመሪያ መኮንን ሆኖ ወደ አውስትራሊያ ሲጓዝ ለአንድ የታመመ ወጣት መንገደኛ ሰጥቶ አስነበበው፤ ወጣቱም መፈጸም የሚገባው መሆኑን ነገረው። ይህ ሰው የኮንራድ የመጀመሪያ አንባቢ ነው። ድርሰቱ በ1894 በአፕሪል ወር ተፈጸመ፤ በጁላይ ወር ለፊሸር አንዊን አሳታሚ በመልእክተኛ ተላከ። በላዩ የተጻፈው የደራሲ ስም የኮንራድ አልነበረም፤ በማላይ ቋንቋ የመርከብ መሪ ማለት የሆነ «ካሙዲ» የሚል የብዕር ስም ነበር።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ሳምንታት አለፉ፤ ወሮች ተቆጠሩ። ኮንራድ ተስፋ ቆርጦ ረቂቁ እንዲመለስለት እስከ መጻፍ ደርሶ ነበር። አንድም ጽሑፍ ልኮ መልስ የጠበቀ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በኦክቶበር መጀመሪያ የተቀባይነት ደብዳቤ መጣለት፤ ዋጋው ለድርሰቱ መብት 20 ፓውንድ ነበር። ከዶይል 25 ፓውንድ በ5 ያንሳል። ነገር ግን ኮንራድ ከገንዘቡ የበለጠ ሌላ ነገር አግኝቷል፤ ረቂቁን ካነበቡት የአሳታሚው ገምጋሚዎች አንዱ ኤድዋርድ ጋርኔት ነበር። ጋርኔት በዚያ ጊዜ ገና 26 ዓመቱ ነው። ሥራው በየሳምንቱ የሚከመርለትን ረቂቅ አንብቦ ይታተም፣ አይታተም ብሎ መጻፍ ነው። ከኮንራድ ጋር ተገናኝቶ ሁለተኛ መጽሐፍ እንዲጽፍ አደፋፈረው፤ ለብዙ ዓመታትም ረቂቁን እያነበበ አረመለት። እንግዲህ ጀማሪው የገባበት በር ይህ ነው፤ በአሳታሚው ቤት ተቀምጦ ደመወዝ የሚከፈለው፣ ስሙ በመጽሐፉ ላይ የማይወጣ አንባቢ።

ወኪሉና ጀማሪው የተገናኙት ጄምስ ብራንድ ፒንከር በ1896 በለንደን ቢሮ ከከፈተ በኋላ ነው። ፒንከር ከታች የተነሣ ሰው ነበር። በመርከብ ወደብ ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል፤ በቁስጥንጥንያ ጋዜጠኛ ሆኗል፤ ለንደን ተመልሶም የመጽሔት ረዳት አዘጋጅ ነበር። ዋት ታላላቆቹን አስቀድሞ ስለ ያዛቸው ለፒንከር የቀሩት ወጣቶቹ ነበሩ። እሱም ይህን ድክመት ወደ ጥንካሬ ለወጠው። ለደራስያን በሚታተም የዓመት መጽሐፍ ላይ ባወጣው ማስታወቂያ፣ በሙያቸው መጀመሪያ ላይ የሚገኙ ወጣት ደራስያንን መርዳት ልዩ ተግባሩ መሆኑን በግልጽ አስታወቀ። ይህን የመሰለ ማስታወቂያ ከእሱ በፊት ያወጣ ወኪል ስለ መኖሩ የሚያጠራጥር ነው። ዌልስ፣ ስቲቨን ክሬን፣ አርኖልድ ቤኔት ወደ እሱ መጡ፤ ሄንሪ ጄምስን የመሰለ አንጋፋም ተከተለ።

ለኮንራድ በ1899 ሲጽፍለት፣ ኮንራድ የአጻጻፍ ልማዱ ለንግድ የማይመች ስለ ሆነ ለወኪል የሚጠቅም ደንበኛ እንደማይሆን መለሰለት። ይህ ማስጠንቀቂያ ቃል በቃል እውነት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን ተስማሙ። ኮንራድ አጭር ታሪክ እጽፋለሁ ብሎ ጀምሮ ረጅም ልብ ወለድ ይሆንበታል፤ በስድስት ወር እፈጽማለሁ ያለውን በሁለት ዓመት አይፈጽመውም። ቤተሰቡ ታማሚ ነው፤ እሱ ራሱ በሪህ ይሠቃያል። ፒንከር ለዚህ ሰው ያደረገለት፣ ዋት ለማንም ያላደረገው ነገር ነው። ገና ላልተጻፈው መጽሐፍ ከራሱ ኪስ አበደረው። ኮንራድ የጻፈውን ገጽ በየጊዜው ይልካል፤ ፒንከር ገንዘብ ይልካል። የቤት ኪራይ፣ የሐኪምና የትምህርት ቤት ሒሳብ ሳይቀር በወኪሉ እጅ ይከፈል ጀመር። ዛሬ ከታላላቆቹ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች የሚቆጠሩት «ኖስትሮሞ» እና «ዘ ሲክሬት ኤጀንት» የተጻፉት በዚህ ገንዘብ ነው። ባንክ ይህን ብድር አይሰጥም፤ አሳታሚም አልሰጠም።

ዋጋ የሌለው ብድር ግን የለም። በ1909 መጨረሻ ላይ ዕዳው ከ2,000 ፓውንድ አልፎ ነበር። ኮንራድ በእጁ የነበረውን ልብ ወለድ ሁለት ዓመት ያህል ሲጽፈው ቆይቶ አልተፈጸመለትም። ፒንከር ትዕግሥቱ አለቀና ረቂቁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልደረሰው ገንዘብ መላኩን እንደሚያቆም አስጠነቀቀው። ኮንራድ በቁጣ ረቂቁን እሳት ውስጥ እከተዋለሁ እስከ ማለት ደረሰ። በ1910 በጃንዋሪ መጨረሻ መጽሐፉን ፈጽሞ ይዞ ወደ ለንደን ሄደ፤ በዚያም በሁለቱ መካከል ኃይለኛ ጠብ ተነሣ። በጠቡ መካከል ፒንከር ኮንራድን እንግሊዝኛ እንዲናገር ነገረው። በሦስተኛ ቋንቋው አሥራ አምስት ዓመት ሲጽፍ ለኖረ ደራሲ ከዚህ የከፋ ስድብ ሊገኝ አይችልም። ኮንራድ ወደ ቤቱ ተመልሶ በትኩሳትና በመቃዠት ወደቀ፤ በሰመመኑም የሚናገረው ፖላንድኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ለወኪሉ ሲጽፍ «ውድ ፒንከር» የሚለውን ትቶ «ጌታዬ» ይለው ነበር።

በዚህ ጠብ ማን ጥፋተኛ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል አይደለም። የፒንከር ንግግር ይቅርታ የሌለው ነው። ሆኖም አሥር ዓመት ሙሉ ትርፍ ሳያገኝ ያበደረ ሌላ ሰው በለንደን አልነበረም። ደግሞም አላባረረውም፤ ኮንራድም አልሄደም። በ1914 «ቻንስ» የተባለው ልብ ወለድ ታትሞ በእንግሊዝም በአሜሪካም በሰፊው ሲሸጥ፣ የ56 ዓመቱ ደራሲ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዕዳ መውጣት ጀመረ፤ ፒንከርም ገንዘቡን አገኘ። ከመጀመሪያው መጽሐፍ እስከዚህ ድረስ 19 ዓመት ፈጅቷል። ፒንከር በ1922 ለሥራ በሄደበት በኒው ዮርክ ሲሞት ሁለቱ የቅርብ ወዳጆች ነበሩ።

ወኪል ያገኘ ጀማሪ ሁሉ መንገዱ ይቀናል ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። ጄምስ ጆይስ በ1915 በዌልስ አማካይነት ከፒንከር ጋር ተገናኝቶ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በእጁ አደረገለት። ፒንከር ረቂቁን ከአሳታሚ ወደ አሳታሚ ላከ። ዳክወርዝ ለተባለው አሳታሚ በደረሰ ጊዜ ያነበበው ሌላ ሰው ሳይሆን ኤድዋርድ ጋርኔት ራሱ ነበር። ኮንራድን ያገኘው ይኸው ዓይን ጆይስን አላገኘውም፤ መጽሐፉ ቅርጽ የጎደለውና እንደ ገና መሠራት ያለበት ነው ብሎ ጻፈ። በእንግሊዝም ሕጉ አታሚውን ከደራሲው እኩል ተጠያቂ ያደርግ ስለ ነበር ፊደሉን ለመልቀም የሚደፍር ማተሚያ ቤት ታጣ። በመጨረሻ መጽሐፉን ለብርሃን ያበቃው ወኪሉ አልነበረም። ገጣሚው ኤዝራ ፓውንድ ወዳጅነቱን ሰጠ፤ ድርሰቱን በተከታታይ ያወጣች ሐሪየት ዊቨር የተባለች የትንሽ መጽሔት አዘጋጅ ገንዘቧንና ድካሟን አልነፈገችም፤ መጽሐፉም በ1916 መጨረሻ በኒው ዮርክ ታተመ።

ገንዘብ በወኪል እጅ የሚያልፍ መሆኑ ያለውን አደጋም የፒንከር ቤት ታሪክ ያሳያል። የአባቱን ሥራ የወረሰው ኤሪክ ፒንከር በኒው ዮርክ የደንበኛውን የደራሲ ኦፐንሃይምን ገንዘብ በማጥፋቱ በ1939 ተከሶ ታሰረ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት አዲስ ዓይነት ጀማሪ መጣ። ቺኑዋ አቼቤ የናይጄሪያ ራዲዮ ሠራተኛ ሆኖ በ1957 በቢቢሲ ለመሠልጠን ወደ ለንደን ሲሄድ የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ረቂቅ ይዞ ነበር። ከአሠልጣኞቹ አንዱ፣ ደራሲው ጊልበርት ፌልፕስ፣ አንብቦት ወደደው። አቼቤ ግን ድርሰቱን ገና ማስተካከል ፈልጎ ይዞት ወደ ሌጎስ ተመለሰ። ካስተካከለ በኋላ በእጁ የነበረችውን ብቸኛዋን የእጅ ጽሑፍ፣ በታይፕ እንዲመታለት፣ በጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ ላየው የለንደን ድርጅት ከነክፍያው በፖስታ ላከ። ድርጅቱ ገንዘቡን ተቀብሎ ዝም አለ። ወሮች አለፉ፤ አቼቤም በጭንቀት ከሳ። በመጨረሻ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ የነበረችው እንግሊዛዊት አንጄላ ቢቲ ለዕረፍት ለንደን ስትሄድ ድርጅቱ ድረስ ሄዳ ተቆጣች። ረቂቁ አቧራ ለብሶ ከአንድ ጥግ ተጥሎ ተገኘ። ይህች ሴት ያን ቀን ባትሄድ ኖሮ አቼቤ መጻፉን ሊተው ይችል እንደ ነበር በኋላ ተናግሯል።

መጽሐፉ በፌልፕስ አማካይነት ለሔይንማን ቤት ቀረበ። መሥራቹ ዊልያም ሔይንማን ከሞተ ወደ አርባ ዓመት ሊጠጋው ነው። ቤቱ የአፍሪካዊ ልብ ወለድ ማን ይገዛል ሲል ቢያመነታም፣ ምዕራብ አፍሪካን የሚያውቅ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር አንብቦ ከጦርነቱ ወዲህ ካነበባቸው ሁሉ የላቀ መሆኑን ስለ መሰከረ በ1958 2,000 ቅጂ ታተመ። ኋላ በ1962 «የአፍሪካ ደራስያን» የተባለው ተከታታይ ዕትም ሲጀመር አማካሪ አዘጋጅ የሆነው አቼቤ ነው። ለአሥር ዓመት ያህል ያለ ደመወዝ አነበበ። በዚያው ዓመት በማኬሬሬ በተደረገው የደራስያን ስብሰባ ላይ አንድ ኬንያዊ ተማሪ ረቂቁን ይዞ የአቼቤን በር አንኳኳ፤ ንጉጊ ነበር። ለእነዚህ ጀማሪዎች ወኪልም ገምጋሚም የሆናቸው ከእነሱ ጥቂት ቀድሞ የገባ ደራሲ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለት ኢትዮጵያውያንም በዚሁ በር ገብተዋል። አቶ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፉት «አፈርሳታ» በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ «ዎሪየር ኪንግ» ደግሞ በ1974 በዚሁ ተከታታይ ዕትም ወጡ። የ«አደፍርስ» ደራሲ ዳኛቸው ወርቁም «ዘ ሰርቲንዝ ሰን» የተባለውን ልብ ወለዳቸውን በ1973 በዚያው አሳትመዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ በአሜሪካ ያደጉት ዲናው መንግሥቱ በ2007፣ ማዓዛ መንግሥቴ በ2010 የመጀመሪያ ልብ ወለዶቻቸውን በኒው ዮርክ ታላላቅ አሳታሚዎች ዘንድ ሲያወጡ መንገዱ ተለውጦ ነበር። ሁለቱም አስቀድመው በዩኒቨርሲቲ የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት አልፈዋል። አሁን ጀማሪው የሚነበበው በትምህርት ክፍል ውስጥ ሆኗል።

የተለወጠው ሌላው ነገር የአሳታሚው በር ነው። ከ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ፣ አሳታሚዎች እየተዋሐዱ በትላልቅ ኩባንያዎች ሥር ሲጠቃለሉ፣ ሳይጠየቅ የሚመጣን ረቂቅ የሚያነብ ገምጋሚ በደመወዝ ማስቀመጥ ትርፍ ወጪ መሰላቸው። ከዚያም በወኪል በኩል ያልመጣ ረቂቅ አንቀበልም የሚለው ደንብ በለንደንና በኒው ዮርክ በብዙዎቹ ታላላቅ ድርጅቶች ተለመደ። የጋርኔት ወንበር ከአሳታሚው ቤት ተነሥቶ ወደ ወኪሉ ቢሮ ተዛወረ ማለት ነው። ሔይንማን «ደላላ» ብሎ ያወገዘው ሰው ራሱ በረኛ ሆነ። ዛሬ ጀማሪው ልብ ወለዱን ሙሉ በሙሉ ከፈጸመ በኋላ አንድ ገጽ የማይሞላ ማመልከቻ፣ የታሪኩን ማጠቃለያና የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ለወኪሎች ይልካል። ወኪሉ ከተቀበለው በአገር ውስጥ ሽያጭ ከመቶ 15፣ በውጭ አገር ሽያጭ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 20 ይወስዳል። የሚወስደውም ካስገኘው ላይ ብቻ ነው። በአሜሪካ የወኪሎች ማኅበር ደንብ መሠረት ረቂቅ ለማንበብ ክፍያ የሚጠይቅ ወኪል አባል ሊሆን አይችልም። አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ዘንድ ጀማሪው እግሩን ባያነሣ ይመረጣል።

በዚህ በር ያለው አጋጣሚ ከኮንራድ ዘመን የጎላ ለውጥ አላሳየም። በ1995 አንዲት በኤደንብራ የምትኖር ሥራ አጥ እናት፣ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ፣ የመጀመሪያ መጽሐፏን ሦስት ምዕራፍ ለአንድ ወኪል ልካ ተመለሰባት፤ ለሁለተኛው ላከች። ሁለተኛው ቢሮ የልጆች መጽሐፍ ስለማይዝ ጽሑፉ ወዲያውኑ ከሚመለሱት ቅርጫት ገባ። ከቅርጫቱ አንሥታ ያነበበችው እዚያ የምትሠራ አንዲት ወጣት ናት። ወኪሉ ከተቀበላት በኋላም አሥራ ሁለት አሳታሚዎች እምቢ ብለዋል። በ1997 የመጀመሪያው ጠንካራ ሽፋን ዕትም 500 ቅጂ ብቻ ነበር።

በአማርኛ የሚጽፈው ደራሲ ይህን ሙያ በታሪኩ አላወቀውም ማለት ይቻላል። ውሉ ከአሳታሚ ጋር ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከማተሚያ ቤት ጋር ነው። የወረቀቱንና የኅትመቱን ዋጋ ራሱ ይከፍላል፣ ወይም ተበድሮ ይከፍላል፤ የታተመውንም ለአከፋፋይና ለመጻሕፍት መደብር በቅናሽ ያስረክባል። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቅ ተቀብሎ፣ በገምጋሚ አስነብቦ፣ በራሱ ወጪ ያሳትም ስለ ነበር ለጀማሪው አንድ በር ነበረ፤ በሩ የመንግሥት በመሆኑ ያስከተለው ችግር ሌላ ታሪክ ነው። ሕጉ በበኩሉ ቦታውን አዘጋጅቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የደራሲነትን መብት ደንግጎ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ የኅትመትን፣ የትርጉምን፣ ወደ ሌላ ጥበብ የመለወጥንና ለሕዝብ የማሰራጨትን መብቶች እያንዳንዳቸውን ለይቶ ለደራሲው ሰጥቷል። አንዱ ልብ ወለድ በመጽሐፍ፣ በራዲዮ ትረካ፣ በፊልምና በትርጉም ለየብቻው ሊሸጥ ይችላል ማለት ነው፤ የ1880ዎቹ የለንደን ደራሲ የደረሰበት ሁኔታ ይኸው ነበር። በራዲዮ የተተረኩ ልብ ወለዶችን ብዛት ለሚያስታውስ አንባቢ፣ ለትረካው መብት በጽሑፍ የተዋዋሉት ደራስያን ስንት ናቸው የሚለው ጥያቄ ገና ያልተቆጠረ ሒሳብ ነው።